ሳሌም ለአባ ሀላቄ የሰጠችው

ሳሌም ጎረቤቴ ናት። እዚህ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ የኔ ልብስ ስፌት ቤትና የእሷ ሱቅ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። አባቷ በስደት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ያወረሷት ነገር ቢኖር ስኳርና ዱቄት የምትቸረችርበትን ይህንኑ ሱቅ ነው። አማርኛ፣ ቦረንኛ፣ ስዋሂሊ እንደ ውሃ ትጠጣለች። ልቧ ደግሞ ቶሎ ይራራል፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

አምና ጄን የምትባል ተመራማሪ ከናይሮቢ መጥታ በአስተርጓሚነት ቀጠረቻት። ጥናቱ ሰው ስለ ገንዘብ እንዴት እንደሚወስን ነው። ኡራን ወደምትባል መንደር ወርደው አርብቶ አደሩን በየቤቱ ጠየቁ፦ ዛሬ አምስት ሺህ ሽልንግ ቢሰጥዎት ይመርጣሉ፣ ወይስ ከሦስት ወር በኋላ አስር ሺህ? ጥያቄ ብቻ መሆኑን ሳሌም ተናግራለች። ግን እዚያ አገር እንግዳ ጥላህ ስር ተቀምጦ፣ ወተትህን ጠጥቶ ገንዘብ ከጠራ ቃል ገባ ማለት ነው። ሽማግሌው አባ ሀላቄም፣ ጎረቤታቸው ጃለቱም እንጠብቃለን አሉ። ጄን የአገሩ ሰው ትዕግሥት አስደንቋት ሄደች።

ዝናቡ ቀረ። አባ ሀላቄ ላማቸውን ሊገዛ የመጣውን ነጋዴ፣ አስር ሺህ ሽልንግ ይመጣልኛል ብለው መለሱት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት እኮ ይህን ነው። ላሚቱ ሞተች። ሦስት ወሩ ሲሞላ ሽማግሌው በጭነት መኪና መጥተው፣ ገንዘቡ ደርሶ እንደሆነ ሳሌምን በትህትና ጠየቋት።

እኔ ብሆን እውነቱን እነግራቸው ነበር። ሳሌም ግን ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ዕቃ ልታመጣበት ያስቀመጠችውን አስር ሺህ ሽልንግ አውጥታ፣ ጄን ልካልዎታለች ብላ ሰጠቻቸው። «ሆሪ ቡሊ» ብለው መረቋት፤ ሀብት አፍሪ፣ ኑሪ ማለታቸው ነው። ሲሄዱ ሞኝ ነሽ አልኳት። ሰምታ እንዳልሰማች መደርደሪያዋን መወልወል ጀመረች።

አባ ሀላቄ ኡራን ሲመለሱ ለሰው ሁሉ አወሩ። ምን ያድርጉ፣ ደስታ ይደበቃል? ጃለቱ ያኔ የቀረቻትን አንድ ላም ለመሸጥ ወስና ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ የሚኖሩት በዚያች ላም ነው። የሽማግሌውን ስትሰማ የነጋዴውን መኪና ባዶውን ሰደደችው። በሳምንቱ ላሟ ወደቀች። ጎረቤት ተሰብስቦ በጭራዋም በቀንዷም ይዞ ቢያነሳት መቆም አልቻለችም።

ጃለቱ ቆዳውን ጠቅልላ ሞያሌ መጣች። በድርቅ ጊዜ ቆዳ ማን ይገዛል? የሳሌም ሱቅ ደፍ ላይ ተቀመጠችና የእሷስ ገንዘብ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀች። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ስፌቴን አቁሜ አዳመጥኩ። ሳሌም ወጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጄን ምንም እንዳልላከች፣ የአባ ሀላቄም ከራሷ ኪስ እንደወጣ ያኔ ነገረቻት።

ጃለቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። የቆዳውን ጥቅል ወደ ራሷ ሳበችና፣

«ልብሽ ደግ ነው» አለቻት። «ግን ለእሳቸው ባትሰጪ ኖሮ እኔ ላሜን እሸጣት ነበር።»