የእናቴ ፖርቶ መጋላ

ብረት ሲቆረጥ የሚወጣው ያ የተቃጠለ ሽታ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ ድንገት አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ሌላው ሰው ፊቱን አዙሮ መንገዱን ይቀጥላል፣ እኔ ግን እቆምና ጥርሴን እነክሳለሁ። ሽታው ወደ ልጅነቴ አምቦ፣ ወደ ገመቹ ብየዳ ቤት ይወስደኛል፣ አባቴም እንደ ድሮው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መኪናዋ ጣሪያ ላይ የወጣውን ጓደኛውን ቀና ብሎ እያየ ሲስቅ ይታየኛል። በልጅነቴ «እርስዎ» እለው የነበረውን ገመቹን ዛሬ አንቱ ብዬ ለመጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ፣ የምታነቡኝ ታገሱኝ።

አባቴ ኦቦ ፈቃዱ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ነበረው፣ በእሷም ወደ ጊንጪ፣ ከጊንጪም አልፎ ከጭልሞ ደን ጀርባ ወዳሉት መንደሮች፣ አንዳንዴም እስከ እንጭኒ ገበያ ድረስ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር። እናቴ አዴ ሎሚ ከአምቦ ጀሪካን፣ ባልዲና ሳሙና ይዛ አብራው ወጥታ፣ ሸጣ፣ በምትኩ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ገዝታ ትመለስ ነበር፣ ትምህርት በሌለ ቀን ደግሞ እኔንም ከኋላ፣ በጆንያዎቹ መሃል ሸጉጠው ይወስዱኝ ነበር። ጭነቱ ሁልጊዜ ከመኪናዋ ሆድ ይተርፍ ስለነበር፣ የክረምቱ ዝናብ ጋብ ማለት ሲጀምር አባቴ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚጫንበት ብረት፣ ፖርቶ መጋላ፣ ሊያሠራላት ቆረጠ።

ሥራውን ለገመቹ ሰጠው፣ ለሌላ ሰው መስጠት ጭራሽ አይታሰብም ነበር። ሁለቱ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይዘምሩ ነበር፣ የገመቹ ልጅ ሃናና እኔም ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ምሳችንን እየተካፈልን እንበላ ነበር። የፖርቶ መጋላ እግሮች በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ የሚዞረውን የዝናብ ውሃ አሸንዳ ጨብጠው መያዝ አለባቸው፣ መሃል ላይ ብሎን ካስፈለገም ከጣሪያው ሥር ወፍራም ላሜራ ገብቶ ብሎኑ ከእሱ ጋር መታሰር አለበት፣ አለበለዚያ ስሱ ቆርቆሮ ብቻውን ጭነት አይችልም። ይህን አባቴ ያውቅ ነበር፣ ገመቹም አሳምሮ ያውቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ገመቹ የአንድ ባለሀብት ቤት በርና መስኮት ሥራ ተቀብሎ ስለነበር፣ የእኛን ቶሎ አድርሶ ወደዚያ ለመሮጥ ቸኩሎ ነበር።

መኪናዋን ልንወስድ ስንሄድ ከውጭ ቀለሙ ተቀብቶ፣ ከውስጥ የጣሪያው ጨርቅ ተመልሶ ተለጥፎ አገኘነው።

«ከሥር ላሜራ አስገብተሃል አይደል?» አለው አባቴ።

«ምን ነካህ ፈቃዱ! በአንተ ላይ እቀልዳለሁ? ዝሆን ጫንበት!» አለ ገመቹ፣ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው፣ አባቴም አምኖት መርቆት ወጣ።

መስከረምና ጥቅምት በቀላል ጭነት አለፉ። ኅዳር ላይ የድንች ጊዜ ሲደርስ፣ ከጭልሞ ባሻገር ካለ መንደር ድንች ጭነን ወደ ጊንጪ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ስንመጣ፣ ከራሳችን በላይ የሚያቃስት ድምፅ ሰማን። አባቴ መኪናዋን ዳር አስይዞ፣ ገመዱ የላላ መስሎት ሊያጠብቀው ወረደ። እጁ ገመዱ ላይ ገና እንዳረፈ ቆርቆሮው እንደ ጨርቅ ተቀደደና፣ ብረቱ ከነጆንያው ተንሸራቶ እላዩ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የአባቴን ጩኸት አይደለም፣ አልጮኸምና፤ የማስታውሰው ድንቹ ቁልቁለቱን ይዞ ሲንከባለል የነበረውን ድምፅ ነው።

በአቅራቢያው ያጭዱ የነበሩ ገበሬዎች ሮጠው መጥተው ብረቱን አነሱለት። መኪናዋ ደህና ነበረች፣ ሞተሯም አልተጎዳም ነበር፣ የሚነዳት ሰው ግን አልነበረም። እናቴ ቁልፉን በእጇ ጨብጣ መንገዱ መሃል ቆማ፣ ግራና ቀኝ እያየች፣ የጭነት መኪና እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች፣ አባቴም ሣሩ ላይ ተጋድሞ ፊቱ አመድ እየመሰለ ሄደ። ያን ቀን እናቴ አላለቀሰችም። ቁልፉ መዳፏ ላይ ምልክቱን እስኪያትም ድረስ ጨብጣው እንደነበር ግን ማታ እጇን ስታጥብ አይቻለሁ።

አባቴ ዳሌውና ጭኑ ተሰብሮ ቆይቶ ሲድን አንድ እግሩ አጠረ፣ ፍሪሲዮን መርገጥም አቃተው። ይህም ሆኖ ቤታችን የተቃጠለው በእግሩ ብቻ አልነበረም። ገመቹ ሰው ሳይጠይቀው በየሱቁ ደጃፍ፣ «ጠጥቶ ነበር አሉ፣ ጭነቱንም ያለ ልክ ከምሮት ነበር» ማለት ጀመረ። አባቴ በሕይወቱ መጠጥ በአፉ አዙሮ አያውቅም፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለመዘምር ከዚህ የከፋ ስም የለም። ሽማግሌዎች መጥተው አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ ነገሩ እስኪጣራ ከመዘምራኑ እንዲያርፍ በለሰለሰ አነጋገር ነገሩት። አባቴ «እሺ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቴ የተገነጠለውን ፖርቶ መጋላ ከጊንጪ አስመጥታ ግቢያችን ውስጥ አጋድማ፣ ቀለሙን በቢላ ፍቃ ስታየው፣ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ አጫጭር ብሎኖች ብቻ አገኘች። ላሜራ የሚባል ነገር አልነበረም፣ አሸንዳውን የጨበጠ መስሎን የነበረውን እግርም የያዘው ስቱኮ ብቻ ነበር። አንዱን ብሎን ይዛ፣ እኔንም አስከትላ ገመቹ ዘንድ ሄደች።

«ላሜራው የታለ?» አለችው።

ገመቹ የብየዳ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ፣ «እኔ አድርጌ ነው የሰጠሁት፣ ባልሽ ፈቶት ይሆናል» አላት፣ ሠራተኞቹም ሳቁ። እናቴ ብሎኑን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ወጣች። መንገድ ላይ እጄን ይዛ ልከተላት እስኪያቅተኝ ፈጥና ሄደች፣ በፍርሃት እንዳልሆነ ግን ልጅም ብሆን ገብቶኛል።

በጋውን መንዳት ተማረች። ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ባለው ሜዳ፣ አባቴ ክራንቹን ታቅፎ ጎኗ ተቀምጦ፣ «ፍሪሲዮን! ሎሚ፣ ፍሪሲዮኑን!» እያለ ይጮህባት፣ እሷም መልሳ ትጮህበት፣ መኪናዋም እንደ በሬ እየዘለለች ትቆም ነበር፣ የሜዳው ልጆች ሁሉ ሥራ ፈተው ይመለከቱን ነበር። አባቴ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። መንጃ ፈቃዷን ስታገኝ እናቴ እንደ ሌላው ሰው ዳቦ አልቆረሰችም። ጊንጪ ወርዳ አንድ ጎበዝ ብረት ሠሪ አነጋግራ፣ የተቀደደውን ጣሪያ አስጠግና፣ ለገበያ ቀን ቀጠረችው።

በዚያ የገበያ ቀን ጠዋት መኪናዋን ነድታ ከገመቹ ብየዳ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አቆመቻት። የጊንጪው ሰው ዕቃውን ዘርግቶ አዲሱን ፖርቶ መጋላ መግጠም ሲጀምር፣ ሰው አንድ ሁለት እያለ ተሰበሰበ፣ ባጃጆች ቆሙ፣ እናቴም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ለገበያተኛው ሁሉ እየተናገረች ታሳየው ነበር።

«ኑ እዩ! እግሩ አሸንዳውን እንዲህ ጨብጦ ይይዛል። በመሃል ጎማ ይገባል፣ ብረት በብረት ላይ እንዳይፋጭ። ይኸው ላሜራው፣ ንኩት፣ አንቺም ንኪው። ጨርቁ ሳይለጠፍ ግቡና ከውስጥ እዩት። ዳዶው ላይ ሌላ ዳዶ ይደረብበታል፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው እንዳይላላ።»

አንድ ሽማግሌ፣ «አዴ ሎሚ፣ ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» ብለው ጠየቋት።

«ለሰው ነፍስ ነዋ፣ አባ።»

ሥራው ሲያልቅ ደልደል ያሉ ጎረምሶች ወጥተው እንዲዘሉበት ጠየቀች፣ እነሱም ወጥተው እየጨፈሩ ዘለሉበት፣ መኪናዋ ተወዛወዘች እንጂ ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አሮጌውን ፖርቶ መጋላ ጋሪ ላይ አስጭና መንገዱን ተሻግራ፣ ገመቹ በር ላይ አስደገፈችውና አጫጭሮቹን ብሎኖች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው።

«የእጅህ ሥራ ነው፣ መልሼልሃለሁ» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ገመቹ መነጽሩን አወለቀ። ከጀርባው በሩ ላይ ሃና ቆማ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ያን የመሰለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን እናቴ እዚያው ቦታ ላይ ታቆም ነበር። የጊንጪው ሰውም አብሯት እየመጣ የሌሎችን መኪና ይሠራ ጀመር፣ የገመቹ ደንበኞችም አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ። በልግ ሲገባ ገመቹ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ተቀብላ አስተናግዳ፣ «እኔ ካሳ አልፈልግም፣ ውሸቱን የተናገረው በሰው ፊት ነው፣ እውነቱንም በሰው ፊት ይናገር» ብላ መለሰቻቸው። ገመቹ እምቢ ብሎ ቆየ፣ ብየዳ ቤቱ ጭር እያለ ሲሄድ ግን ክረምቱ ሲጀምር በአንድ እሑድ ከጉባኤው ፊት ቆመ።

«ኦቦ ፈቃዱ አልጠጣም። ላሜራ አላስገባሁም፣ ቸኩዬ ነበር። ያስወራሁትም ሥራዬ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር አንዲት እናት ከኋላ «አልሰማንም» ስትል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲናገር ተደረገ። አባቴ በክራንቹ ተነስቶ ሄዶ አቀፈው፣ ሰውም አለቀሰ። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

በሚቀጥለው ገበያ መኪናዋን እዚያው ቦታ አቆመች። አባቴ ሲሰማ፣ «ዲሲ፣ ሎሚ፣ ተይው በቃ፣ ይቅር ብዬዋለሁ እኮ» አላት።

«አንተ ይቅር በለው፣ እግሩ ያንተ ነው» አለችው። «ቁልፍ ይዤ መንገድ ላይ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ።»

ክረምቱ ሳይወጣ ገመቹ ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ እንጭኒ ሄደ፣ እዚያም የሰው ተቀጣሪ ሆነ ሲባል ሰማን። ዕቃቸውን ሲጭኑ ሄጄ ነበር፣ ሃና ፍራሽ ተሸክማ ስትወጣ አየችኝና፣ «እናትሽን ደስ ይበላት በያት» አለችኝ። አደረስኩላት። እናቴ ሽንኩርት መምረጧን ሳታቋርጥ፣ «ብሎኛል በያት» አለች።

አሁን አባቴ ሸምግሏል፣ ወደ መዘምራኑም ተመልሷል፣ ተቀምጦ ይዘምራል። ባለፈው በጋ ገመቹ ማረፉ ሲሰማ፣ «ልድረስ፣ ከእሱ ጋር ተጣልተን አልተለያየንም» ብሎ ተነሳ። እናቴ ቁልፏን አነሳች፣ እኔም ጎኗ ተቀምጬ እንጭኒ ሄድን። አባቴ እያነከሰ ወደ ድንኳኑ ገባ። እኛ መኪና ውስጥ ቀረን።

ጥቁር የለበሰች ሴት ከድንኳኑ ወጥታ ወደ እኛ መጣች፣ አጠገባችን እስክትደርስ ሃና መሆኗን አላወቅኋትም ነበር። በእኔ በኩል ባለው መስኮት ጎንበስ ብላ፣ «አዴ ሎሚ፣ አከም ጅርቱ፣ ግቡ እንጂ» አለች።

«ባለቤቴን አምጥቻለሁ፣ ይበቃል» አለች እናቴ፣ መሪውን እንደያዘች።

ሃና ወደ እኔ ዞረች። ለጠላትም ቢሆን የማይነፈግ አንድ ቃል አለ፣ «ያጥናሽ» ይባላል፣ እሷም የምትጠብቀው እሱን ብቻ ነበር። ልጅ ሆኜ ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ መሃል ስቀመጥ፣ ቂሙ የትልልቆቹ ነው፣ ሳድግ እኔና ሃና እንታረቃለን ብዬ አስብ ነበር። አሁን ከፊት ነው የምቀመጠው፣ ወርጄ ልግባ ብል የሚከለክለኝም የለም። ሃና ትንሽ ጠብቃ ነጠላዋን አስተካክላ ተመለሰች፣ እኔም መስኮቱን ዘጋሁት።