ሁሉንም ባንዴ

ቀጄላ ሰበታ መናኸሪያ ጀርባ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ነበረው። ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለችው ፉሪ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ፣ ቴክኒክና ሙያ የተማረ፣ አፉም እጁም የማያርፍ ልጅ ነው። ችግሩ ይቸኩላል። አንዱን ስልክ ፈትቶ ሳይጨርስ ሌላውን ይከፍትና ብሎኖቹ ይደባለቁበታል። "እትዬ ድንቅቱ፣ ይቺ የየትኛው ትመስልዎታለች?" እያለ ብሎን ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ስልክ የሰፋሁ ይመስል!

ደግሞ እሱን ብቻ አልወቅስም። መቸኮል የሰፈራችን ልማድ ነው። መብራት ሲመጣ አንዱ ውሃ በፓምፕ ይስባል፣ አንዱ ይበይዳል፣ ወፍጮው ይነሳል፣ እኔም ካውያውንና ማሽኑን እኩል እሰካለሁ። ሳይጠፋ እንጨርስ ብለን ሁላችንም ባንዴ እንዘምትበትና ራሳችን እናጠፋዋለን። ከዚያ ደጅ ወጥተን እንራገማለን።

ሚስቱ ደስታነሽ ከወላይታ መጥታ እዚሁ ሰበታ የተማረች ዓይነ ስውር ናት። አንድ ፋብሪካ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ቤታቸው የሚተዳደረው በእሷ ደመወዝ ነው፤ ቀጄላም ይህን ሳያፍር ለሁሉም ይናገራል፣ እንዲያውም ይኮራበታል።

በ2009 ጥቅምት ላይ፣ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳለው የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ቆይቶ ነበር። ግርግሩ ግን አልቀረም። የቀጄላ አባት ኦቦ ኦዳ መሬቴ ላይ ዛሬ ችካል ይተከላል፣ ነገ ይተከላል እያሉ እንቅልፍ ካጡ ዓመታት ሆኗቸዋል። በዚያ ሰሞን ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፤ ደስታነሽ የምትሠራበትም አንዱ ነበር። የቀጄላ ታናሽ ወንድም ጃራ በአፈሳ ተወሰደ፣ የት እንዳለም አልታወቀም። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ቀጄላ ቤት የሚገባ ደንበኛም አብሮ ጠፋ።

በዚህ መሃል አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ማየት ለተሳነው ሰው የጽሑፍ ሥራ እንዳለው ተሰማ። ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሲነበብ እየሰሙ በኮምፒዩተር መጻፍ ነው፤ የራስን ላፕቶፕ መያዝ ይቻላል። ደስታነሽ የጻፈችውን መልሶ የሚያነብላት የድምፅ ፕሮግራም ግን ከፋብሪካው ኮምፒዩተር ጋር ተቃጥሏል። ተሠርቶ ያለቀውን ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም። ቀጄላ እጅ ላይ የነበረው ጓደኛው ሲላስ በፍላሽ የሰጠው ጥሬ ኮድ ብቻ ነው።

"ኮምፓይል ካልተደረገ አይሠራም" አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ጠረጴዛዬን አየና "ተቆርጦ ያልተሰፋ ጨርቅ ይበሉት። የሚሰፋው ኮምፒዩተሩ ነው" አለኝ። ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። መብራት ሲመጣ ቀጄላ ትእዛዙን ይጽፋል። "ሳይጠፋ እንዲያልቅ ስምንት ስምንት ቁራጭ ባንዴ እንዲሰፋ ነው ያዘዝኩት" ይላል። አሮጌው ላፕቶፕ መጀመሪያ ደህና ይሄዳል፤ ከዚያ ፋኑ ይጮሃል፤ ከዚያ እስክሪኑ ድርቅ ይላል። "ስታክ አደረገ! ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ፣ ሚሞሪው ጢም!" ሙቀት ነው ብሎ ፈታው፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረገ። ቆመ። ሚሞሪው ቆሽሾ ይሆናል ብሎ ነቀለና ጥርሱን በላጲስ አሽቶ መለሰው። ቆመ። ፍላሹ ነው ጥፋተኛው አለና ኮዱን እንደገና ገለበጠ። አሁንም ቆመ። በቆመ ቁጥር የተሰፋውን ሁሉ ደምስሶ ከዜሮ ይጀምራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢንተርኔት ላይ ይፈልግ ነበር። ሲላስ ጋ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። "ማል ጎና፣ እትዬ ድንቅቱ? ምን ባደርግ ይሻላል?" አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። አንጀቴን በላው። ተናደድኩም፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር።

ደስታነሽ አጠገቡ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ "ጌታ ያውቃል፣ ተወው በቃ" ትለዋለች። እንዴት ይተወው? ወንድሙን ማስፈታት አልቻለም፣ የአባቱን መሬት ማስቀረት አልቻለም። ይቺን አንዲት ነገር እንኳ ለሚስቴ ላድርግ ብሎ ነው።

የፈተናው ቀን ጠዋት "ድምፁ ቢቀርም እጄ ፊደሉን ያውቀዋል። ባዶ ገጽ ክፈትልኝና ልሂድ" አለችው። ከፈተላት። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ከሌላ ላፕቶፕ ደህና ባትሪ ነቅሎ ገጠመና ኮምፓይሉን ከገጹ ኋላ አስጀመረው፤ ያው እንደ ልማዱ ሁሉንም ባንዴ። "መንገድ ላይ ይጨርሳል። እንዳለቀ በራሱ ማንበብ ይጀምራል። ክዳኑን ብቻ እንዳትዘጉት" አለን።

እሱ አልመጣም። በዚያን ሰሞን በእሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ፍተሻ ላይ ከታክሲ ከወረደ መልሶ መሳፈሩ ያጠራጥር ነበር። እጇን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ጭኗ ላይ አድርጋ በየመሃሉ "እየሄደ ነው" ትለኛለች። ፍተሻው ላይ ወታደሩ "ምንድነው ይሄ?" ሲላት "ድምፅ እየተሰፋልኝ ነው" አለችው። ግራ ገብቶት አሳለፈን።

መሥሪያ ቤቱ እኔን ኮሪደር ላይ አስቀረኝ። በመስታወቱ በር የሚታየኝ የላፕቶፑ ጀርባና የእሷ እጅ ነው። ደጅ ጄኔሬተር ስለሚጮህ ሌላ ነገር አይሰማም። ፈታኙ ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ ብሎ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። እንዴት ያለ አጻጻፍ መሰላችሁ! ጣቶቿ አይጣደፉም፣ አያመነቱም። ፈታኙ ሲጨርስ እሷም ጨረሰችና ፈገግ አለች። እኔም በልቤ ተቀጠረች ብዬ ደስ አለኝ።

ፈታኙ ዞሮ እስክሪኑን አየ። ነካካው፣ ጠበቀ፣ እንደገና ነካካው። ከዚያ በእጁ ጠራኝ። ገጹ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ሦስተኛው ከመሃሉ ተቆርጦ ቀርቷል። ከጎኑ ቀጄላ ትእዛዙን የሚጽፍበት ጥቁር መስኮት ወጥቷል፤ ሌላ ምንም የለም።

"እትዬ ድንቅቱ፣ ስህተቱ ብዙ ነው?" አለችኝ ደስታነሽ።

የነገራት ፈታኙ ነው። "እህቴ፣ ኮምፒዩተርሽ ገና ስትጀምሪ ነው የቆመው። ከኋላ ኮምፓይል የሚያደርገው ነገር አለ፤ ሁሉንም ባንዴ ታዞ ሚሞሪውን ጨርሶታል። አንድ በአንድ ቢታዘዝ ቀስ ብሎ ይወጣው ነበር።" እንደገና ልጻፍ ብላ ለመነችው። ጊዜው አልቋል፣ ሌላ ተፈታኝ በር ላይ ቆማለች። ከማዘን በቀር እሱም ምንም አላደረገላትም።

ስንመለስ፣ ፉሪ ላይ፣ "ቀጄላን ፈተናው ከብዷት ነው ይበሉት" አለችኝ።

"የቆመበትን ምክንያትስ?"

"እንዳይነግሩት! እሱ እንዳበላሸው ከሰማ ይሰበርብኛል።"

"አንድ በአንድ እዘዘው የሚለውንስ? ይህን ካላወቀ እኮ ያንን ነገር መቼም አይሠራውም።"

"ማን ነገረሽ ሲለኝ ምን እለዋለሁ?" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ቀጄላ መንገድ ድረስ ወጥቶ ጠበቀን። ፈተናው ከብዶኝ እጄ ዘገየ አለችው። ሳይቆጣ፣ ሳይከፋው፣ እጇን ይዞ "አይዞሽ፣ ድምፁ ለሌላ ሥራ ፈተና ይደርሳል" አላት።

ማምሻውን መብራት መጣ። ፓምፑም፣ ብየዳውም፣ ወፍጮውም ተነሳ። ከግድግዳው ወዲያ ቀጄላ ትእዛዙን ሲጽፍ፣ ፋኑ ሲጮህ፣ ከዚያም ሲቆም ሰማሁ። ተነስቼ ልነግረው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

"ደስቱ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምኑ ይመስልሻል?" አላት።

"አላውቅም" አለችው።