እህቴ የንጉሥ አስማተኛ ሳለች

ቢቸና መናኸሪያ የሞጣን መኪና እየጠበቅሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል። ቀይ ካባ የለበሰ አስማተኛ ከንጉሡ ዙፋን ጎን ቆሟል። ዓይኔን ከሱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ታላቅ እህቴ ራህማም በልጅነታችን እንዲህ ያለ አስማተኛ ነበረች። ሞጣ፣ አያታችን አባባ ሐጂ ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ ጓዳ፣ አዲስ አዲስ በሚሸት አቡጀዲ ላይ ተቀምጠን የአጎታችን ልጅ ያስተማረንን ጨዋታ እንጫወት ነበር። እኔ ንጉሥ፣ እሷ የንጉሡ አስማተኛ፤ የሚሆነውን የሚወስነው ወርውረን የምናወጣው የዳይስ ቁጥር ነው። ራህማ ግን ማገልገሉ ሰለቻት።

አንድ ቀን ኩባያ እንደያዘች ሆና ባዶ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይጠጡ፤ መድኃኒት ነው።»

«መርዝ ቢሆንስ?»

«ዙፋኑ የሚገባው ለኔ ነው» አለች፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ዳይሱን ወረወረችው።

አባባ ሐጂ መጋረጃውን ገልጠው ገቡና ቁጥሩን ሳናይ በመዳፋቸው ከደኑት።

«ራህማ፣ አንቺ ስትነግሺ አጠገብሽ ማን ይቆማል?»

«ሌላ አስማተኛ።»

«እሱ የሚሰጥሽን ትጠጫለሽ?»

ራህማ ዓይኗን የተከደነው ዳይስ ላይ ተከለች። እሳቸውም ዳይሱን ኪሳቸው ከተው ወደ ደንበኛቸው ተመለሱ።

አመሻሹ ላይ ራህማ የእውነት ውኃ በብርጭቆ ሰጠችኝ። ከመጠጣቴ በፊት ውስጡን አየሁ። ማየቴን አየች።

አሁን ስልኬ ጮኸ፤ ራህማ ናት።

«የት ደረስሽ? ምሳ ሠርቼ እየጠበቅሁሽ ነው።»

ያ ብርጭቆ ትዝ እያለኝ «መጣሁ» አልኳት። መኪናው ግን ገና አልመጣም።