ሦስት ትንፋሽ በጎጃም በረንዳ

ሐጂያ ሱንዱስ "አሥራ አራት በመቶ፤ ከዚያ በላይ አልጨምርም" ብለው ሳይጨርሱ ሙናዊር ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በአፍንጫው አየር ሳበ።

"ምን ሆነ? አዞረው እንዴ?" አሉ ሐጂያ፣ ጥግ ላይ ማስታወሻ ይዞ የተቀመጠውን ሰው እያዩ።

"ደህና ነው፤ ቅጽበቱን እየኖረ ነው" አለ ሰውዬው። ኃይለመለኮት ይባላል። ባንኩ የቀጠረው የእርጋታና የደስታ አሠልጣኝ ነው።

"እኛስ?" አሉ ሐጂያ።

ቀኑ ሰኔ 27 ነበር። ሙናዊር ጎጃም በረንዳ አጠገብ ባለ ቅርንጫፍ የንግድ ሕንፃ ፋይናንስ ኦፊሰር ነው። የሚሠራው ከወለድ ነፃ በሚባለው ክፍል ነው። ባንኩ ብረቱንና ሲሚንቶውን ራሱ ይገዛል፤ ትርፉን ይጨምርበታል፤ ለሕንፃው ባለቤት በዱቤ ይሸጥለታል። ትርፉ አሥራ ሰባት በመቶ ነው ተብሎ በወረቀት ታትሟል። መርካቶ ውስጥ የታተመ ዋጋ የድርድር መነሻ ነው። ሙናዊር እስከ አሥራ አምስት ተኩል መውረድ ይችላል፤ ከዚያ በታች ሥራ አስኪያጇ መፈረም አለባት። የዓመት ዕቅዱ ሁለት ሕንፃ ነው። ያስፈረመው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛውን እስከ ሰኔ 30 ካላመጣ ወደ ስልክ ጥሪ ማዕከል እንደሚዛወር በደብዳቤ ተነግሮታል። ደብዳቤው "መልካም የሥራ ቀን" ብሎ ነው የሚያበቃው።

ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው። የተወለደው ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ነው። አባቱ በርበሬ በጆንያ ይሸጡ ነበር። ገዢ ዋጋ ሲጠራ አባትዬው አይመልሱም፤ ጎንበስ ብለው የጆንያውን አፍ ያስተካክላሉ። ገዢው ዝምታው ሲከብደው ይጨምራል። ሙናዊር ይህን እያየ አደገ፣ በማታ አካውንቲንግ ተማረ፣ ባንክ ገባ፣ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ጨጓራውን ጨረሰ።

በጥር ወር ከክፍሉ ሦስት ሰዎች ሥራ ለቀቁ። ባንኩ በነሱ ፋንታ ሰው አልቀጠረም። አሠልጣኝ ቀጠረ።

ሥልጠናው ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል፣ ሁለት ቀን ፈጀ። ርዕሱ "ሥራን በአስተውሎትና በደስታ" የሚል ነበር። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳቸው አንዲት የገብስ ቆሎ ተሰጥቷቸው አሥር ደቂቃ እንዲያኝኩ ታዘዙ። በሁለተኛው ቀን የሦስቱን ትንፋሽ ዘዴ ተማሩ፤ ደንበኛ ሲያስጨንቅ ዓይን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ ነው። ኃይለመለኮት ከዚህ በፊት ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። የራሱን ደስታ ያገኘው ያን ሥራ ከተወ በኋላ መሆኑን ነገራቸው፤ እነሱ ግን ሥራቸውን ሳይተዉ እንዲያገኙት መከረ።

ሲመለሱ የደስታ ቅጽ መጣ። በየቀኑ ከአንድ እስከ አምስት ደስታን መሙላት ግዴታ ሆነ። ሙናዊር ሁልጊዜ አራት ይሞላል። ሦስት የሞላ ለምክር ይጠራል፤ አምስት የሞላ መድረክ ላይ ወጥቶ ልምዱን እንዲያካፍል ይደረጋል።

የትንፋሹ ዘዴ ግን ሠራ። በሚያዝያ ሰዓድ የተባለ ጎማ አስመጪ ለሕንፃው መጋዘኑን በዋስትና አቀረበ። ሙናዊር ዓይኑን ጨፈነ። በሁለተኛው ትንፋሽ ላይ ሰዓድ ኮልፌ ያለውን ቤቱን ጨመረ። ኃይለመለኮት ነገሩን "የውስጥ ሰላም ፍሬ" ብሎ በስላይድ ለዋናው መሥሪያ ቤት አቀረበው። ፍሬው የአባቱ የጆንያ ዘዴ እንደሆነ ሙናዊር ገብቶታል። አልተናገረም፤ የተቆረሰለትን ኬክ በላ።

ሰዓድም ገብቶት ነበር። እሱ ግን ተናገረ። በሳምንቱ መርካቶ ውስጥ ሕንፃ የሚያስብ ሁሉ ሰማ፤ ዓይኑን ሲጨፍን ዝም በሉት፣ ራሱ ይነቃል።

ሐጂያ ሱንዱስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ብርድ ልብስ በጅምላ ሸጠዋል። ሙናዊር ሦስተኛውን ትንፋሽ ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ ከቦርሳቸው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ተስቢሁን፣ አውጥተው መቁጠር ጀምረው ነበር።

ሙናዊር መልሶ ጨፈነ።

ከታች ተሸካሚዎች "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ይላሉ። አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን ይዞ አለቀቀም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የተስቢሁ ድምፅ ብቻ ነው። ኃይለመለኮት ደስ ብሎት "ጥልቅ ግንኙነት" ብሎ ጻፈ።

ሥራ አስኪያጇ ያለምወርቅ በሩን ከፈተች። "ሙኔ፣ ምንድነው ዝምታው? ሰው ሞተ?"

"እሽሽ!" አለ ኃይለመለኮት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሆነ። ሙናዊር አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ሐጂያ በሁለቱም ዓይናቸው እያዩት ነው።

"አሥራ አምስት ተኩል" አለ።

ሐጂያ ይቆጥራሉ።

"እሺ፣ አሥራ አምስት።"

"ሙኔ!" አለች ያለምወርቅ።

"አሥራ አራት ተኩል።"

ሐጂያ ተስቢሁን አቆሙ። "ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?"

"አልበላሁም።"

"ያስታውቃል። አባትህን አውቃቸዋለሁ። እሳቸው ቢሆኑ እስካሁን እኔ ነበርኩ የምለፈልፈው። አሥራ አራት በልና እንፈርም፤ ሱቅ ጥዬ ነው የመጣሁት።"

ሙናዊር ያለምወርቅን አያት። የቅርንጫፉ ዕቅድም አንድ ሕንፃ ይጎድለዋል፤ የእሷም ወንበር ከሱ ያን ያህል የጠነከረ አይደለም። እስክሪብቶ ጠየቀች።

"አይታችኋል?" አለ ኃይለመለኮት። "ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ደሞዝ ይከፈልሃል?" አሉ ሐጂያ።

"አዎ፣ በውል።"

"አላህ ያቆይልህ።" ቦርሳቸውን አነሱ።

በዚያ ቀን የደስታ ቅጹ ላይ ሙናዊር አምስት ሞላ። ሁለተኛውን ሕንፃ አስፈርሟል።

በሐምሌ አጋማሽ ዋናው መሥሪያ ቤት ትርፉ ከአሥራ አምስት ተኩል በታች መውረዱን አይቶ ምክንያት ጠየቀ። ያለምወርቅ "ኦፊሰሩ ከፊቴ ሦስት ጊዜ ዋጋ ሰብሮ ምርጫ አሳጣኝ" ብላ ጻፈች። እሷ በማስጠንቀቂያ ታለፈች። ሙናዊር ጥሪ ማዕከል ገባ፤ እዚያ ደንበኛ መስመር ላይ እያለ ከአምስት ሰከንድ በላይ ዝም ማለት ነጥብ ያስቀንሳል። የኃይለመለኮት ውል ለሁለት ዓመት ታደሰ።

የሐጂያ ሱንዱስ ሕንፃ በቀጣዩ ዓመት ግንቦት አለቀ። ምድር ቤቱን የተከራየው ሌላ ባንክ ነው።