ስልኩ የማይገለብጠው እጅ

ከሆሳዕና የወጣሁ ማታ ባሌ ሻፊ በቅቤ የራሰውን የቡላ ምግብ፣ አተካናውን፣ በቀኝ እጁ አጎረሰኝና፣ «የረሂማ እናት፣ ልጁን ቶሎ አሳድጊውና ነይ» አለኝ። ልጅ ጎመን ይመስል!

የሄድኩት ልጃችን ረሂማ ጀርመን አገር ትምህርቷን እስክትጨርስ ልጇን ሰሚርን ልይዝላት ነው። ሻፊ የደም ግፊት አለበት፤ ኪኒኑን የማስታውሰው እኔ ነበርኩ። እስከ ቦሌ ድረስ ሲያንገበግበኝ የነበረው ይኸው ነው።

እናንተ ለመምጣት የምታስቡ፣ ስለ ብርዱ ሁሉም ይነግራችኋል፤ ስለ ዝምታው ግን ማንም አይነግራችሁም። የእኛ አገሩ የአንጋጫ ገበያ አንድ ጥግ ብቻ ይህን ከተማ በሙሉ ይቀሰቅሰዋል። ቆጮ የለም። ዳቦአቸው ላይ ኩመል የሚሉት ፍሬ አለ፤ ሽታው አልዋጥ አለኝ።

ረሂማ ሳቀችብኝ። «እማ፣ ይሄ ሽታና የምትወጂው የናና ሽታ እኮ ከአንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው የሚመጡት። ልዩነታቸው እንደ ቀኝና ግራ እጅ ነው። በመስታወት አንድ ናቸው፣ የቀኝ ጓንት ግን ለግራ አይሆንም።»

ትምህርቷም ይኸው ነው። ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ባነሰ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሌዘር ጠምዝዛ ሞለኪውሎቹ ላይ ታበራለች። ከቀኙ የሚወጣው ኤሌክትሮን ወደ ፊት ከበዛ፣ ከግራው የሚወጣው ወደ ኋላ ይበዛል፤ የምትለያቸው በዚህ ነው።

«ለይተሽስ?» አልኳት።

«መድኃኒት ላይ አንዱ ሲያድን ሌላው ሊጎዳ ይችላል።»

ያኔ ገባኝ። ግራን ድሮም አላምነውም።

ሰሚር ግራኝ ነው። ማንኪያውን ወደ ቀኙ ሳዛውርበት የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ሰማችና አስጠራችኝ። ረሂማ ታስተረጉማለች።

«ለምን ይከለክሉታል?» አለች አስተማሪዋ።

«በግራ አይበላም፣ ለትልቅ ሰው በግራ ሰላም አይባልም። የሆሳዕና ሰው ምን ይለናል?»

«እዚህ የሆሳዕና ሰው የለም።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ረሂማ ይህችን አልተረጎመችም።

እኔ የምለፋው አያቱ ሲያየው እንዲደሰት ነበር። ሻፊ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚደውለው በድምፅ ብቻ ነው። «ካሜራው ተበላሽቷል» ይላል። አነጋገሩ ሲጎተትብኝ፣ «ጥርሴን አሞኝ ነው» ይላል።

የአረፋ ዕለት የሻፊ እህት በራሷ ስልክ በቪዲዮ ደወለች። ሰሚር እጁን አነሳ። ጥግ ላይ ባለችው በእኛ ምስል ቀኙን ያነሳ መሰለኝና ደስ አለኝ።

«ግራው ነው፣ እማ» አለች ረሂማ። «ስልኩ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያሳየን።»

ከዚያ ሻፊ ታየ፣ ትራስ ተደግፎ። እሱም ግራ እጁን አነሳ። ውሃ እንኳ በግራው ተቀብሎ የማያውቅ ሰው!

«ረሂማ፣ ይሄንንም ስልኩ ነው የገለበጠው፣ አይደል?»

«የሚገለብጠው የእኛን ብቻ ነው። እሱን እንዳለ ነው የሚያሳየው።»

ቀኝ እጁ ጋቢው ላይ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተኝቷል።

ወደ እሱ ልሂድ? ከወጣሁ የመኖሪያ ፈቃዱ ዳግም አይሰጠኝም፤ ሰሚርን የሚይዝ ካልተገኘ ደግሞ ረሂማ ሌዘሯን ትታ እቤት መዋሏ ነው።

«እማማ፣ አባባ ሻፊም እንደኔ ነው!» ብሎ ሰሚር ፈነደቀ።

ሻፊ በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

«ልጁ አደገ ወይ?» አለኝ፣ ቃሉ እየተጎተተ።

«ገና ነው» አልኩት።