ጅረቱን ሊጠግን የተነሳው ቧንቧ ሠራተኛ

ሰውዬው አርባ ዓመት ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ቢወጣም እጁ ማረፍ አልቻለም። ሚስቱ ታክቷት የልጅ ልጆቻቸውን አስይዛ፣ "ዛሬ እንኳ ምንም ሳትነካካ ዋል!" ብላ ወደ በረሃው ሸለቆ ሰደደችው። ግን ማን ሰምቷት!

ልጆቹ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በሸለቆው ውስጥ በሚወርድ ቀጭን ጅረት እየተንቦጫረቁ ከአያታቸው ጋር ሽቅብ ወጡ። ጅረቱ የሚመነጭበት ቦታ ሲደርሱ ሰውዬው ውሃው ከአለት ስንጥቅ ሲወርድ አየና እጁን በላው።

"ይሄማ ያፈሳል!" ብሎ ካልሲውን አወለቀ። በጭቃ ለውሶ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀው። ውሃው ቀጥ አለ።

"አያችሁ? እኔ አንዴ ከነካሁት አለቀለት!" ብሎ ደረቱን ነፋ።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ውሃው ከሰውዬው ራስ በላይ ባለ ሌላ ስንጥቅ ተንዶለዶለና ከአናቱ እስከ እግሩ አበሰበሰው።

ትንሿ የልጅ ልጁ እየዘለለች አጨበጨበች።

"አባባዬ፣ ልክ የኛን መታጠቢያ ቤት የሠራህ ቀን እንደሆነው!"