ነቅለን የወሰድነው ቤት

ባለፈው ኅዳር የእህቴን ልጅ ልጠይቅ አሰላ ሄጄ፣ ባጃጁ ኮብልስቶኑ ካለቀበት አውርዶኝ ዱላዬን እያስቀደምኩ ሳዘግም፣ ሦስት ጎረምሶች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የምርጊት ጭቃ ሲረግጡ ደረስኩ። የገብስ ጭድ ገብቶበት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ተሸፍኖ ከርሞ የቦካ ጭቃ ሽታውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የፈረስ ጋጣና የኮመጠጠ ሊጥ ተባብረው አፍንጫ ሲመቱ ማለት ነው። መንገደኛው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ሲያልፍ እኔ አሮጊቷ እዚያው ተገትሬ ወደ ውስጥ ሳብኩት። "እማማ፣ ይሸታል እኮ፣ ይለፉ" አለኝ አንደኛው እየሳቀ። ምን ብዬ ልንገረው! እኔ እኮ በዚህ ሽታ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ነፍስ እስካውቅ ድረስ ቤት ማለት አንዱ ጎኑ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ነጋዴ ነበር። በአርባዎቹ መጨረሻ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ገበያው ዳር ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ የሚሸጥባት አንድ ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ፣ በሰው ደጅ አድሮ፣ በላቡ ያቆማት ሱቅ ናት። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሴት አያይም። ታዲያ ሰው ያለ ሱስ አይፈጠርም መሰለኝ፣ የኔ አባት በቤት ተያዘ። እናቴን ሲያገባ ያስገባት ክብ የሳር ጎጆ ነበረች አሉ። ታላቅ ወንድሜ ሲወለድ ጎጆዋ ፈርሳ አራት ማዕዘን ሆነች፤ እኔ ስወለድ ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ ወጣ፤ ቆርቆሮው ሲወጣ ደግሞ ግድግዳው አጠረ ተባለና እንደገና ፈረሰ። ቁርሱን እየበላ ግድግዳ ግድግዳ የሚያይ ሰው ነበር። እናቴ ያንን አስተያየት ያየች እንደሆነ ጉርሻው ጉሮሮዋ ላይ ይቆማል፤ "ዛሬ ደግሞ ምኑን ሊያፈርሰው ይሆን፣ አንቺ እመቤቴ!" ትላለች።

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ "ቤት ለእንቦሳ" ይባላል፣ ባለቤቶቹም "እንቦሳ እሰሩ" ብለው ይመልሳሉ፤ ይኼ እንግዲህ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ የሚደርስ ነገር ነው። እኛ ቤት ግን በየዓመቱ ነበር። የጎረቤታችን የቅቤ ነጋዴዋ አዴ ፋጡማ አማርኛዋን ከኦሮምኛዋ እያዋዛች፣ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭና፣ "ያ ረቢ! ይኼ ቤት ዘንድሮም ተወለደ?" ስትል እናቴ እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ምክንያቱም ቤቱን የሚሠራው አባቴ ይሁን እንጂ የሚያቆመው የእናቴ መቀነት ነበር። መቀነቷ ላይ አንዱ ቋጠሮ የቀለብ ነው፣ አንዱ የእቁብ፣ አንዱ ለሱቁ ዕቃ መግዣ፣ አንዱ ደግሞ፣ ከሁሉም ውስጥ ገብቶ ከወገቧ ጋር የተጣበቀው፣ የቦታ ኪራይ። አናጢው ሊቀበል ሲመጣ ከቀለቡ ፈትታ ትሰጠዋለች፤ ቀለቡን ከእቁቡ ትሞላለች፤ እቁቡን ለመክፈል ከአዴ ፋጡማ ጋር ተሻርካ ቅቤ ታነጥራለች፤ የቅቤው ትርፍ ሲመጣ አባቴ ሚስማር አልቋል ይላል። የአንዱን ቀዳዳ በአንዱ ስትደፍን ኖረች። ያችን የኪራይ ቋጠሮ ግን አትነካትም። እኔ በኩፍኝ ስቃጠል እንኳ ከአዴ ፋጡማ ተበድራ አሳከመችኝ እንጂ እሷን አልፈታቻትም።

መሬቱ የኛ አልነበረማ! የዚያ ሰፈር መሬት የአንድ ፊታውራሪ ርስት ነበር፤ እኛ በየዓመቱ ጥር ላይ ኪራይ እየከፈልን ነበር የተቀመጥንበት። እንጨቱና ቆርቆሮው የሠሪው፣ አፈሩ የባለርስቱ፤ የዘመኑ ደንብ ይኼ ነው። እናቴ ኪራዩ አንድ ቀን ያለፈ እንደሆን ውጡ እንባላለን ብላ ስትፈራ ኖረች። አንድም ጊዜ አላለፈም። መከራው በዚያ በኩል እየጠበቀችው በሌላ በኩል መጣ።

አንድ ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ አንድ ገበሬ ከነሚስቱ ከሩቅ መጥቶ ለልጁ ሰርግ አቡጀዲ ጠየቀ። አባቴ አልነበረም፤ እናቴ መደርደሪያውን ብታይ ባዶ፣ ሳጥኑን ብትከፍት ባዶ። አንድ ጣቃ ሙሉ አቡጀዲ የት ሊገባ ይችላል? ሌባ ገባ ብላ እየጮኸች ወደ ቤት ስትሮጥ እኛም ተከትለናት ሮጥን። አባቴ መሰላል ላይ ነበር። ሱቃችን ጣሪያ ላይ ወጥቷል! አቡጀዲው ከጥግ እስከ ጥግ ተወጥሮ፣ በሚስማር ተመትቶ፣ ዳር ዳሩን ሰማያዊ የሐረግ አበባ ተስሎበት ኮርኒስ ሆኗል። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፣ በስመ አብ ብላ አማተበች፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። አባቴ ብሩሹን እንደያዘ "አያምርም?" አላት። እና ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ያምር ነበር። እናቴም "ያምራል" አለች፤ ወዲያው ተነስታም ያንን ገበሬ ወደ ሌላ ሱቅ ልትሸኘው ሄደች።

ከዚያ የመስታወት መስኮት መጣ። በጭድ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ ናዝሬት፣ ከናዝሬት አሰላ፣ በጭነት መኪና ላይ እንደ ሙሽራ ታቅፎ። የመጀመሪያ ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አፍንጫውን ለጥፎበት ሲያይ ዋለ። አባቴ ራቅ ብሎ ቆሞ ቤቱን ዙሪያውን አየው፣ ከጀርባው ያለውን የጭላሎን ተራራ አየ፣ እንደገና ቤቱን አየና "እንግዲህ አለቀ" አለ። ይኼን ቃል ከአፉ ሰምተነው አናውቅም! እናቴ ደስ ብሏት እልል ልትል ስትል ቀጠለና፣ "አሁን ፊታውራሪን መጥራት ነው" አላት።

ለመነችው። "አይጥሩብኝ፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል" አለችው። እሱ ግን ተቆጣ። ባለርስቱን ሳይጠሩ በርስቱ ላይ ቤት መመረቅ ነውር ነው፣ ነገ በሰው ፊት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ አለ። እውነቱን ለመናገር ነውርነቱ ብቻ አልነበረም፤ የሠራውን ለትልቅ ሰው ማሳየት አምሮት ነበር። የልጅ ልብ ነበረው አባቴ፤ ሳስበው አሁንም ያናድደኛል፣ አሁንም ያሳዝነኛል።

ድግሱ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። የቀለቡ ቋጠሮ ተፈታ፣ የእቁቡም የሱቁም ተፈታ፤ ሁለት በግ ተገዛ፣ አንዱ በክርስቲያን አንዱ በአዴ ፋጡማ ባል እጅ ተባርኮ ታረደ፤ ጠጅ ተጣለ። ፊታውራሪ በበቅሎ መጡ፣ ሁለት አሽከር አስከትለው። በሩ ላይ ደረሱና "ቤት ለእንቦሳ!" አሉ፤ አባቴ ለጥ ብሎ እጅ ነስቶ "እንቦሳ እሰሩ፣ ጌታዬ!" አለ። ገብተው ተቀመጡ። ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩት። መስታወቱን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

"ይኼ ስንት ፈጀብህ?"

አባቴ የከፈለውን እጥፍ ተናገረ።

"ቆርቆሮውስ?"

እሱንም እጥፍ አደረገው። ደርሶ ትልቅ ሰው ሆነላችሁ! እናቴ ከእንግዶቹ ጀርባ የወጥ ድስት እንደያዘች በዓይኗ ትጠቅሰዋለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እሱ ግን ፊታውራሪን እንጂ ማንን ሊያይ። ሁሉን ጠይቀው ጨርሰው ብርሌያቸውን አስቀመጡ።

"እጅህ ይባረክ" አሉት። "እኔ እዚህ ቦታ ላይ አንዲት ደሳሳ ጎጆ ያለች መስሎኝ ነበር። ልጄን ከፋሲካ በኋላ ልድራት ነው። ጎጆ መውጫዋን የት ላድርገው እያልኩ ስጨነቅ፣ ለካ እግዜር በአንተ እጅ ሠርቶ አቆይቶልኛል።"

አባቴ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኛ ልጆቹ እንኳ ማኘክ አቆምን። ፊታውራሪ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ የጠፋ ከዘራ እንደሚጠይቅ ሰው፣ መሬታቸውን እንደሚፈልጉት ነገሩት። ቤቱን ትቶላቸው ቢሄድ የዘንድሮን ኪራይ ይመልሱለታል፤ አይሆንም ካለም ደንቡን ያውቃል፣ እንጨቱን ነቅሎ መሄድ ነው። ይኼን መስታወትና ይኼን አበባ ማን ጨክኖ ይነቅላል ብለው ነው መሰለኝ፣ ፈገግ አሉ።

አባቴ "እሺ፣ ጌታዬ" አለ። እሺ አለና ጎንበስ ብሎ ብርሌያቸውን ሞላላቸው። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ስንት ዘመን አለፈ፣ ስንቱን ሞት ስንቱን አብዮት አየሁ፤ እንደዚያች ጠጅ አቀዳድ የደነገጥኩበት ነገር የለም።

ድስቱ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማን። "እንነቅላለን" አለች እናቴ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሴት በዚያ ዘመን ፊታውራሪ ፊት ሳትጠየቅ ልትናገር? አዴ ፋጡማ "ያ ረቢ!" ብላ አፏን ያዘች። "ደንቡ እንጨቱ የእናንተ ነው ካለ እንነቅላለን፣ ጌታዬ። እስከ ፋሲካ አፈርዎን ጠርገን እናስረክብዎታለን" አለችና፣ አሁን ማን እንደጠየቃት እንጃ፣ ወጡን ማውጣት ጀመረች።

ነቀልነው። የሰፈሩ ሰው ለደቦ ወጣ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በየዓመቱ ቤት ለእንቦሳ ያለ ሁሉ ቤት ሊያፈርስ መጣ። ወንዶቹ ቆርቆሮውን እያወረዱ፣ ሴቶቹ ምርጊቱን እያራገፉ፣ እኛ ልጆች የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ እየቀጠቀጥን እያቀናን። ያች የማትነካ የኪራይ ቋጠሮ ከኪራይ ውጭ ለሌላ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ የተፈታችው ያን ቀን ነው፤ ለጋሪ። የአዴ ፋጡማ ወንድም ከከተማው ዳር፣ ከራሱ ርስት ቆርሶ ቦታ ሰጥቶን ነበርና እንጨቱም ቆርቆሮውም መስታወቱም በፈረስ ጋሪ ተጫነ፤ መስታወቱ መንገድ ላይ ተሰበረ። እናቴ ኮርኒሱን አወረደችው፣ ወንዝ ወስዳ አጠበችው፣ ለኔና ለእህቴ ቀሚስ አሰፋችልን። ሰማያዊው ሐረግ በደንብ አልለቀቀም ነበር። ቤታችንን ለብሰን ትምህርት ቤት ሄድን!

ፋሲካ ሲደርስ በዚያ ቦታ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም፤ የተጠረገ አፈር ብቻ። ሰፈርተኛው "አንዲት ሚስማር አልተውሽላቸውም!" እያለ እናቴን አሞገሳት፤ እሷም ደረቷን ነፋች። እኔም ኮራሁ። ያኔ የተውነውን ነገር ማናችንም አላየነውም።

አባቴ አዲሱ ቦታ ላይ ቤቱን አቆመው፣ አቆመውና ተወው። የቆርቆሮው የድሮ የሚስማር ቀዳዳ ክረምቱን ሲያንጠባጥብ ሳፋ ደረደርንበት፤ አባቴ ሳፋውን ዞሮ ያልፋል እንጂ ቀና ብሎ አያይም። ግድግዳው ሲሰነጠቅ አየን፣ በሩ ሲጎብጥ አየን፤ ቁርሱን እንጀራውን እያየ ይበላል። እናቴ መጀመሪያ እፎይ ብላ ነበር። ቋጠሮዎቿ ሞሉ፣ ዕዳዋን ከፈለች፣ ቤት ውስጥ መዶሻ የሚባል ነገር ሳይሰማ ክረምት አልፎ በጋ መጣ። ከዚያ ፈራች። እቁብ የወጣላት ቀን ገንዘቡን እንዳለ አምጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለትና "እንኩ፣ በረንዳ ይሥሩበት" አለችው። ያቺ ሴት! ሚስማር አልቋል በተባለች ቁጥር ስታለቅስ የኖረች ሴት!

አባቴ ገንዘቡን መለሰላት። "ለማን?" አላት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ነጠላዋን አገልድማ መዶሻ ያዘች። አንድ ቁራጭ ጣውላ አንስታ፣ ጣቷን ሁለት ጊዜ ቀጥቅጣ፣ ደም እየጠባች፣ አባቴ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ መደርደሪያ መታች። ከተማው ውስጥ እንደዚያ የተንሻፈፈ መደርደሪያ አልነበረም። አንድ ስኒ አስቀመጠችበትና ፈንጠር ብላ ቆመች፤ ይቆጣል ብላ፣ ይስቅብኛል ብላ፣ ከእጄ ነጥቆ ያቃናዋል ብላ። ስኒው ቀስ እያለ ተንሸራተተና ምርጊት ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አልተሰበረም። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አቧራውን በጋቢው ጠረገው፣ ግድግዳው ሥር መሬት ላይ አስቀመጠውና ተመልሶ ተቀመጠ።